የተመረቀችው ጃርት

ያን ቀን ከማለዳው ጀምሮ ነፋስ ነበር። ዝናብ የማያመጣ፣ አቧራ ብቻ የሚያመጣ ደረቅ ነፋስ። የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጓጓል፣ የሱቅ መጋረጃ ይርገበገባል፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ ይሄዳል። ለቀለም ሥራ እንዲህ ያለ ቀን ጠላት ነው፤ አቧራው እርጥቡ ፊደል ላይ ይለጠፍና ቀዩን ቡኒ፣ ነጩን አመድ ያደርገዋል። ሰፈሩ ብሩሽ የሚላት ማስታወቂያ ጸሐፊ ግን የፀጉር ቤቱን ሥራ ለዚያ ቀን ቃል ስለገባች፣ መሰላል ላይ ወጥታ በግራ እጇ ካርቶን እንደ ጋሻ ይዛ በቀኟ ትቀባ ነበር።

ጃርቷን ያየቻት መሰላሉ ላይ ሆና ነው። አንድ የማታውቀው ጎልማሳ ከታች ሲያልፍ ነፋሱ ጃኬቱን ገለጠው። ቲሸርቱ ላይ፣ ልክ ደረቱ መሐል፣ እሾኋን አቁማ፣ የተነፈሰ ኳስ ጀርባዋ ላይ ሰክታ፣ ዓይኗን ወደ ጎን አድርጋ «እኔ የለሁበትም» የምትል የምትመስል ጃርት አለች። ብሩሽ የገዛ እጇን ሥራ አውቃ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ልጁን ሳያስበው መንገድ ላይ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ደስ ነው የሚለው፤ ማን ይዞት እንደመጣ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

«ወንድሜ፣ ቲሸርቷን ከየት ገዛሃት?» አለችው ከላይ።

«ከኳስ ክለቡ ነዋ። ቶሎ ካልሄድሽ አታገኚም፣ እያለቀ ነው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ። ትንሽ ቆይታ ሌላ ጃርት አየች፣ ልጅ ያዘለች ሴት ደረት ላይ። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ወጣቶች ተያይዘው ሲሄዱ፣ ሁለቱም ጃርት ለብሰዋል። «የፀጉር» የሚለውን ጽፋ «ቤት» የሚለውን ሳትጀምር ወረደች። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ ሽቅብ አየና፣ የፀጉር ምን ልበል ታዲያ፣ የፀጉር ጣጣ ወይስ የፀጉር ነገር ብሎ ቀለደባት።  መሰላሏን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነፋሱን ተቃውማ ወደ ሱቋ ሄደች።

ብሩሽ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። አባቷ የጭነት መኪና ጎንና የሱቅ ግንባር እየጻፈ ያሳደጋት ሰው ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሱ የፊደሉን ቅርጽ በጠመኔ ያሰምራል፣ እሷ ቀለሙን ትሞላለች፤ በዚሁ ምክንያት ትምህርቷን ገና ሳትጠግበው ተወችው። በኋላ ጠመኔውም የሷ ሆነ። አባቷ ሲሞት ሱቁ ቀረላት፣ ሱቁ ማለት የኪራዩ ዕዳና የቀለም ቆርቆሮዎቹ ናቸው። ሰፈሩ ብሩሽ አላት፤ ስሙ ተጣበቀ፣ ፊተኛውን ስሟን ዛሬ የምታውቀው እህቷ ብቻ ናት። አግብታም ነበር፣ አልሆነላትም፣ ስለዚያ አታወራም።

ከአባቷ የወረሰችው ሌላ ነገር ጥርጣሬ ነው። አባቷ ናሙና ሥሎ ለደንበኛ ያሳየ እንደሆነ ደንበኛው «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል፣ ሳምንት ሳይቆይ ያው ሥዕል ሌላ ሰው በርካሽ ሠርቶት ግድግዳ ላይ ይታያል። ስለዚህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ጠዋት ማታ ይደግመው ነበር። እሷም በዚያው አደገች። ደንበኛ ሲገባ የጀመረችውን ሥራ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። ሒሳብ ሲሰጧት ብሩን ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች። የሚያመሰግናትን ሰው፣ ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን ትላለች።

እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ቀን ብቻ ተዘናጋች።

የሰፈሩ ኳስ ክለብ የድሃ ክለብ ነው። ሜዳው አንዱ ጥግ ሣር፣ አንዱ ጥግ ድንጋይ፣ መሐሉ ጉድጓድ ስለሆነ፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጡት ደጋፊዎች ጃርት የበላው ዱባ እያሉ ይሰድቡት ነበር። የክለቡ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ተናደዱ፣ ተደባደቡ፣ በመጨረሻ ደከማቸው። ከዚያ አንዱ ተነስቶ፣ እንግዲያው ጃርቶቹ እኛ ነን፣ ዱባዎቹ እናንተ ናችሁ አለ፤ ስድቡ ስም ሆነ። ባለፈው ዓመት ክለቡ አንድ ደረጃ ከፍ አለና ለመክፈቻው ጨዋታ ባነር አዘዛት። የታዘዘችው ፊደል ብቻ ነው። ፊደሉን ጨርሳ ጥቁርና ነጭ ቀለም ተረፋት፤ ቆርቆሮው ሥር የቀረ ቀለም ደግሞ ካደረ ይደርቃል። እጇ ዝም ብሎ ሄደ። ባነሩ ጥግ ላይ ኳስ ልትጫወት ሞክራ ኳሱን በእሾኋ ያስተነፈሰች ጃርት ሣለች።

ባነሩን ሊወስዱ የመጡት ሲሚንቶና ብረት የሚሸጠው የክለቡ ሊቀመንበር እና የተጫዋቾቹን ማልያና ጫማ የሚይዘው የእህቷ ባል ናቸው። ጎረቤቷ፣ ቲሸርት ላይ የሚያትመው አታሚ፣ ባነሩን ሊያጥፍላቸው አብሯቸው ገባ። ጃርቷን ሲያዩ ሦስቱም በሳቅ ወደቁ። ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ፣ የዚችስ ሒሳብ ስንት ነው አላት። ሰው በሥራዋ እንደዚያ ሲስቅላት ከመቼ ወዲህ እንዳላየች እንጃ፣ ልቧ ተከፈተ።

«ይቺንስ መርቄላችኋለሁ» አለች።

«አሜን!» አሉ ሦስቱም፣ እየሳቁ።

ገበያ የሚያውቅ ሁሉ ይሄን ቃል ያውቀዋል። ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሻጯ ከላይ አንድ ራስ ሽንኩርት ጣል ታደርጋለች፣ ያ ምርቃት ነው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ እደጉ ተመንደጉ ሲልም ምርቃት ነው። ብሩሽ ያለችው ፊተኛውን ነው፤ እነሱ አሜን ያሉት ለኋለኛው ነው፤ ያኔ ሁሉም ቀልድ መስሎት ተለያየ።

እንግዲህ በዚያ ነፋሻ ቀን ሱቋ ገብታ መሰላሏን እንዳቆመች መጀመሪያ ያየችው የአታሚውን መጋረጃ ነው። ሁለቱ ሱቆች ግድግዳ ይጋራሉ። በሩ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ከሰቀለ ሰንብቷል፤ በየቀኑ አይታዋለች፣ ግን ያኔ ነው የታያት። ደግሞ ሰሞኑን የሰላምታው ነገር አለ። እጁን አንስቶ ያልፍ የነበረ ሰው በቅርቡ ቆሞ ጤናሽስ፣ እህትሽስ፣ ሥራስ እያለ ሰላምታውን ያረዝመው ጀምሯል። ግድግዳው ማዶ ቀለም የሚገፋበት ላስቲክ ሸርተት፣ ሸርተት ሲል ቀኑን ሙሉ ትሰማ ነበር። የራሷ ጃርት እየታተመች እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ምሳዋን ትበላ ኖሯል።

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ጃርቶቹ በገመድ ላይ ተሰቅለው ይደርቃሉ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ጃርት ነው።

«ይሄን መጋረጃ ለምን ሰቀልከው?»

«ለአቧራ ነዋ፣ አታዪም እንዴ ነፋሱን?»

«ነፋሱ ዛሬ ነው የመጣው። መጋረጃው ከርሟል።»

አታሚው ሳቀ፣ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም። አንቺስ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ አላት። ከዚያ እሱ ያመጡለትን የሚያትም ሰው እንደሆነ፣ ዳቦ ጋጋሪ ስንዴው ከማን ማሳ እንደመጣ እንደማይጠይቅ፣ ሥዕሏንም ከባነሩ ላይ በስልክ ተነስታ እንዳመጡለት አስረዳት። ማን እንዳነሳት ስትጠይቀው ላስቲኩን ማጠብ ጀመረ። ደጋግማ ስትጠይቀው ጀርባውን ሳያዞር «ቤትሽን ጠይቂ» አላት።

ቤቷ ማለት እህቷ ናት፣ ሌላ ሰው የላትም።

ታናሽ እህቷ ከገበያው መግቢያ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። በማግስቱ ነፋሱ ቆሞ ፀሐይዋ እንደ ምጣድ ስትግል፣ ብሩሽ ሄዳ ፊቷ ቆመች። እህትዮዋ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ በላብ ተነክራለች።

«ሹራብሽን ክፈቺው እስቲ።»

«ብርድ ብርድ ይለኛል እትዬ።»

«በዚህ ሙቀት?»

እህቷ የሚዛኑን ድንጋይ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ከዚያ አንዱን ቁልፍ ፈታችው። የጃርቷ እሾህ ብቅ አለ። ማንም ሳይጠይቃት ሁሉንም ተናገረች። ባሏ ባነሩን ያነሳው ለኩራት ነው፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት ሥራ ናት እያለ ላገኘው ሁሉ ያሳይ ነበር። ሊቀመንበሩ ላክልኝ ሲለው ላከለት፤ አለቃው አይደለም? ለምን እንደፈለጋት አልጠየቀም። ቲሸርቶቹ ሲወጡ ለሱም ለሷም አንዳንድ ተሰጣቸው። ፈቃድ ከአንቺ የወሰዱ ነው የመሰለኝ አለች፤ ግን ይህን ስትል ዓይኗ ድንቹ ላይ ነበር።

«አልሸጠውም እትዬ። ሙች ስልሽ፣ አልሸጠውም።»

«ቲሸርት ሰጡት አላልሽም?»

«ሰጡት።»

«ታዲያ የሸጠበት ነዋ።»

እህቷ ድንች መደርደር ጀመረች። ብሩሽም ዞር ብላ ሄደች። ማታውን እህቷ በጎረቤት እጅ አንድ ፌስታል ድንች ላከችላት። ብሩሽ ፌስታሉን ከበሩ ጥግ አስቀመጠችውና ሳምንት ሙሉ አልነካችውም። ድንቹ ራሱ ጉቦ መሰላት። አታሚው፣ የእህቷ ባል፣ እህቷ፣ ሊቀመንበሩ፣ ሁሉም በአንድ ገበታ ቀርበው በልተው እጃቸውን ታጥበው፣ አሁን እሷን የገበታውን ፍርፋሪ ጥረጊ የሚሏት ሆኖ ታያት። ፀጉር አስተካካዩ «ቤት» የሚለውን መጥታ እንድትጨርስለት ሲለምናት እንኳን፣ ይሄስ ማን ልኮት ይሆን ብላ ነበር።

የሊቀመንበሩ ሱቅ ትልቅ ነው፣ ሲሚንቶ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ገና ከበሩ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ፣ ለስላሳ ይምጣላት አለ፣ ወንበር ጠረገላት። ወንበር ሲጠረግላት የባሰ ተጠራጠረች። ለስላሳው ሳይከፈት ፊቷ ቆሞ የጠርሙሱ ላብ ጠረጴዛው ላይ ወረደ።

«አንቺ እኮ የዚህ ክለብ እናት ነሽ» አላት።

«እናት ያላችሁኝ ለእናት ስለማይከፈል ነው።»

ሊቀመንበሩ እጁን አወናጨፈ። ክለቡ ምንም እንደሌለው፣ የቲሸርቱ ገቢ ለተጫዋቾች ጫማና ለመኪና ኪራይ እንደሚሄድ፣ ከፈለገች ግን ስሟ በትልቁ ቲሸርቱ ጀርባ ላይ ሊጻፍላት እንደሚችል፣ በዚያ ምክንያት ከየአቅጣጫው ሥራ እንደሚጎርፍላት ነገራት። ስም ቀለም አይገዛም አለችው። ሥዕሏ የእኔ ናት፣ ያለ እኔ ፈቃድ የታተመ ጃርት የተሰረቀ ጃርት ነው አለችው።

ይሄኔ ድምፁ ለስለስ አለ፤ ሲለሰልስ ነው የምትፈራው።

«እህቴ፣ መርቀሽልን የለም እንዴ? እኛም አሜን ብለናል፣ ምስክር አለ። በዕድሜዬ ምርቃቴን መልሱልኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

 እውነት ነው፣ ብሩሽ መርቄላችኋለሁ ብላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዓመታት በጥርጣሬ የጠበቀችውን በር ራሷ በአንዲት ቃል ወለል አድርጋ ከፍታዋለች። በመጨረሻ የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዳኛ ፊት እንገናኛለን» አለች።

«ዳኛማ ሞልቶናል» አለ ሊቀመንበሩ፤ ጥግ የተቀመጠው የሱቁ ጸሐፊ ሳይቀር ሳቀ።

ምን እንዳሳቃቸው የገባት ቅዳሜ ዕለት ለዳኝነት ተጠርታ ደጋፊ የሞላበት የክለቡ ክፍል ስትገባ ነው። ክፍሉ የካልሲና የእግር ማሻ ቅባት ይሸታል፣ መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሱ ዋንጫዎች አሉ፣ አንዱ እጀታው ተነቅሏል። መሐል ወንበር ላይ ጉልበቱን እያሸ የተቀመጠው ሰው በጡረታ ያለ የኳስ ዳኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ጉድጓዳም ሜዳ ፊሽካ ሲነፋ የኖረ ሽማግሌ። ብሩሽ ደሟ ፈላ። ዳኛ አልኩ እንጂ ፊሽካ ነፊ አልኩ እንዴ ብላ ልትመለስ ስትል ሽማግሌው በእጁ አስቆማት።

«ልጄ፣ እኔ ስሰደብ ነው ያረጀሁት። የሰደበኝንም ያሞገሰኝንም እኩል ነው የማየው። ተቀመጪ፣ ካልጣመሽ ያኛው ዳኛ የትም አይሄድብሽም።»

ተቀመጠች፣ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ። ይሄ ሽማግሌ ሜዳ ሲመጣ በነጻ እንደሚገባና ጥላው ሥር ወንበር እንደሚወጣለት ታውቃለች። ሜዳው ገደል፣ ዳኛው ዝንጀሮ አለች በልቧ።

ሊቀመንበሩ ነገሩን አሳምሮ ተናገረ። ምርቃት ማለት ከልብ የሚሰጥ ነገር ነው፤ የተመረቀ ሰው በምርቃቱ ይከብራል፣ ይበዛል፣ ይባዛል፤ ጃርቷም በምርቃቱ በዛች። «በዛች» ሲል ሰው ሳቀ። አታሚው ተጠየቀ፣ መርቄላችኋለሁ ስትል ሰምቻለሁ አለ። የእህቷ ባል ተጠየቀ፣ መሬት መሬት እያየ አሜን ማለቱን አመነ። ብሩሽ ተራዋ ሲደርስ ያሰበችው ሁሉ ተደነባበረባት። የቀለሙ መድረቅ፣ የአባቷ ናሙና፣ የአታሚው መጋረጃ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አወራችው፤ ራሷም ስትሰማው ጭቅጭቅ ይመስላል። ሽማግሌው ጉልበቱን እያሸ ሰማት።

ከበሩ በኩል «እኔ ምስክር ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ታናሽ እህቷ ናት፣ ማንም አልጠራትም፣ እጇ ላይ የድንቹ አፈር አለ። ባሏ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ።

«አንቺ ባነሩ ሲወሰድ የት ነበርሽና?» አላት ሊቀመንበሩ።

«አልነበርኩም። ምርቃትን ግን ከሁላችሁም በላይ አውቀዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የምመርቅ ሰው ነኝ። ኪሎ ለገዛ አንድ ድንች እመርቃለሁ። የመረቅኩት ድንቿን ነው። እስከ ዛሬ ማሳውም የኔ ነው ብሎ የመጣ ደንበኛ የለም።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ሊቀመንበሩ ድንች ሌላ ሥዕል ሌላ ነው አለ። እንዴት ሌላ ሆነ ብትለው፣ ድንች ተበልቶ ያልቃል፣ ሥዕል አያልቅም አለ።

«እንግዲያማ ባነሩ ላይ ያለችውን ብሏት፣ ካላለቀችላችሁ ደግሞ ዕድሜ ልካችሁን ብሏት» አለች እህቷ። «ሌላ ጃርት ሲያምራችሁ ግን ባለቤቷን ጠይቁ።»

ብሩሽ አንጀቷ ሊርስ ይገባ ነበር፣ ትንሽም ራሰ። ግን ወዲያው ያው በሽታዋ ተነሳባት። ይሄን ንግግር ማን አስጠናት? ባልና ሚስት አንዱ ከዚያ አንዷ ከዚህ ቆመው፣ የትኛውም ወገን ቢረታ ቤታቸው እንዳይጎድል ተማክረው ቢሆንስ? እህቷን አየቻት፤ እህቷም አየቻት። ከፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አልቻለችም።

ሽማግሌው ፍርዱን እንደ ኳስ ሜዳ አጭር አድርጎ ተናገረ። ባነሩ ላይ ያለችው ጃርት ተመርቃለች፣ ጨርቁ እስኪበሰብስ የክለቡ ናት። ቲሸርቱ ላይ ያለችውን ግን ማንም አልመረቀም፣ እሷ የሠዓሊዋ ናት። የታተመው ታትሟል፣ ላለፈ ጥፋት ተመልሼ ፊሽካ አልነፋም አለ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ድርሻዋ ይሰጣት።

«እሺ» አለ ሊቀመንበሩ ወዲያው።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ብሩሽ አላጨበጨበችም። ይሄ ሰውዬ አንድ ሚስማር ለመሸጥ እንኳ ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው፤ እሺ ያለበት ፍጥነት አስጠረጠራት።

«ቲሸርቱን የሚቆጥረው ማነው?» አለች።

ጭብጨባው ቆመ።

«እኛው እንቆጥራለን እንጂ ማን ይቆጥራል» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይሄማ ጃርትን ዱባ ጠብቂ ማለት ነው።»

ሽማግሌው እንዳይስቅ አፉን ያዘ። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ አላት። ብሩሽ ወረቀት አልፈልግም አለች፤ ወረቀት የሚያውቀውን ሰው ያገለግላል። ማተሚያውን ፍሬም ስጡኝ አለች። ፍሬሙ ስስ ጨርቅ የተወጠረበት እንጨት ነው፤ የጃርቷ ቅርጽ ጨርቁ ላይ ተቀርጾ ቀለሙ በዚያ አልፎ ነው ቲሸርቱ ላይ የሚያርፈው፤ ያለ እሱ አንድም ጃርት አይወጣም። ፍሬሙ እኔ ጋ ይደር፣ ማተም ስትፈልጉ ይዤ እመጣለሁ፣ እያየሁ ታትማላችሁ፣ ይዤ እመለሳለሁ አለች።

አታሚው ከመቀመጫው ዘለለ። እንጨቱ የኔ፣ ጨርቁ የኔ፣ ልፋቱ የኔ ብሎ ጮኸ። እንጨትህን ውሰድ፣ ጃርቷን ብቻ ፍቀህ አስቀርልኝ አለችው። ሊቀመንበሩም በዚህኛው እሺ አላለም። ተከራከረ፣ ተቆጣ፣ መተማመን ከሌለ እንዴት አብሮ ይሠራል አለ፣ ሊወጣ ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ብሩሽ ትክክለኛውን ነገር መጠየቋን ያወቀችው ይሄኔ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌው ክርክሩ ሲሰለቸው ጉልበቱን ይዞ ተነሳና፣ ጨዋታው አልቋል፣ ፍሬሙ ከሷ ጋር ይደር አለ። የእንጨቱንና የጨርቁን ዋጋ ለአታሚው ክለቡ ሊተካለት ሆነ፤ ሊቀመንበሩም ደጋፊዎቹ ፊት ዳኛ እምቢ ማለት አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ሲታተም ብሩሽ የአታሚው ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። አረንጓዴው መጋረጃ ወርዷል። አታሚው ስታዪኝ እጄ ይንቀጠቀጣል ይላል፤ አባቴም ያንቀጠቅጠው ነበር፣ ፊደሉ ግን አይዛባበትም ትለዋለች። አንዳንዴ ይሳሳቃሉ። ስትወጣ ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ነው።

ከእህቷ ጋርም ታረቁ፣ ሰው ካለው አንድ ዘመድ ጋር ተጣልቶ የት ይደርሳል። እሑድ እሑድ እህቷ ቤት ትበላለች። ድንቹን ግን ያኔ እስኪያቆጠቁጥ ትታው ነበር፣ እህቷ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳባታለች። የእህቷ ባል ስልኩን ካወጣ ደግሞ፣ ብሩሽ እጇ ላይ ያለውን ሥዕል ሁሉ ትገለብጠዋለች። እትዬ፣ ሰዓት ነው የማየው ይላታል ምስኪኑ። ሰዓቱን ያየህ እንደሆነ መልሰህ ክተተው ትለዋለች።

አንድ ቀን ታክሲ ስትጠብቅ ጃርት የለበሰ ሰው አየች፤ ጥቁሩ ቀለም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መሰላት። ጠጋ ብላ ደረቱን ስትመረምር ሰውየው ደንግጦ ወደኋላ አለ። ከየት እንደገዛው፣ መቼ እንደገዛው፣ በምን እንዳጠበው ጠየቀችው። ብዙ ጊዜ ታጥቦ ነው የደበዘዘው አላት። ሊሆን ይችላል። የሆነ ቦታ ሁለተኛ ፍሬም ተሠርቶም ሊሆን ይችላል። አታሚውን በቀጥታ ስትጠይቀው፣ እናቴ ትሙት አልሠራሁም ብሎ ማለላት። እናቱ ከሞተች ቆይታለች።

አሁን ብሩሽ እዚያው የኪራይ ሱቋ ውስጥ ናት፣ ከአታሚው ጋር ግድግዳ ተጋርታ። ድርሻዋ ይደርሳታል፤ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ልክ ይሁን አይሁን ግን አታውቅም። ፍሬሙ ከአልጋዋ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ትጽፋለች፣ ክለቡ ሲጫወት ደግሞ ሱቋን ዘግታ ሜዳው በር ላይ ትቆምና የሚገባውን ሰው ደረት ደረቱን ታያለች። ጨዋታው ሲጀመር ወደ ቤቷ ትመለሳለች።